በሰዓት 150 ተብዬ 3 ብቻ አየሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ስለ ተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ አንድ ዜና አየሁና ልቤ ተነሳ። «በሰዓት እስከ 150 ይታያል» ይላል። ታናሽ ወንድሜን አስከትዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ በረንዳችን ወጣሁ። እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቆየን። ያየሁት 3 ብቻ ነው። ሁለቱ ብልጭ ብለው ጠፉ። አንዷ ግን ከአድማሱ ብድግ ብላ ረጅም መንገድ ሄደች። ወንድሜ ስልኩን ሲነካካ አንዱንም ሳያይ ቀረ። ብርዱ ደግሞ አይወራም፤ እግሬ ደንዝዞ ነው የገባሁት። ቤት ውስጥ ያሉት «እህ፣ ዘነበላችሁ?» እያሉ ሲስቁብን አመሹ።

አራት ነገር ልጠይቅዎት። ዓይኔ ችግር ይኖርበት ይሆን? ቴሌስኮፕ ብገዛስ? ያየሁትን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለሳይንስ ሰዎች ይጠቅማል ወይስ ዝም ብሎ ጨዋታ ነው? በጃንዋሪ መጀመሪያም ሌላ ዝናብ አለ ይባላል። እሱን ልሞክር ወይስ እስከ ከርሞ ታኅሣሥ ልጠብቅ?

ብርድ ያባረረኝ

መልስ፦

ብርድ ያባረረሽ እህቴ፣

ዓይንሽ ምንም አልሆነም። ቴሌስኮፕም አትግዢ። ደብተርሽን ግን አትጣይው። አሁን ረጋ ብለን እናውራ።

150 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም። ችግሩ አንቺ በረንዳ ላይ ቆመሽ የምታይውን የሚናገር ቁጥር አለመሆኑ ነው። ሜትዮር፣ ማለትም ተወርዋሪ ኮከብ ቆጣሪዎች «ዜድ ኤች አር» የሚሉት መለኪያ ነው። የተለያየ ቦታ፣ የተለያየ ሰማይ ሥር ያሉ ሰዎች የቆጠሩትን ማወዳደር እንዲቻል አንድ ፍጹም ሰማይ ይታሰባል። እዚያ ሰማይ ላይ ጨረቃ የለችም፣ ደመና የለም፣ የከተማ መብራት የለም። በባዶ ዓይን ሊታዩ የሚችሉት በጣም ደብዛዛ ከዋክብት ሳይቀሩ ይታያሉ። ተወርዋሪዎቹ የሚፈልቁበት የሚመስለው ነጥብም ልክ አናት ላይ ነው። ይህ ሁሉ የተሟላለት ሰው በአንድ ሰዓት 150 ያህል ያያል ማለት ነው። እንዲህ የተሟላለት ሰው ደግሞ በመብራት ተፈልጎም አይገኝም። ዜና ጸሐፊው ቁጥሩን ወስዶ ቅድመ ሁኔታውን ጥሎታል።

እስቲ ያንቺን ምሽት እናስላው። ያየሽው ጄሚኒድስ የሚባለውን ዝናብ ነው። በየዓመቱ በዲሴምበር 13 እና 14፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ጫፍ ላይ ይደርሳል። መፍለቂያው ጄሚኒ ወይም ጀውዛ በሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ፣ ካስተር ከምትባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ ነው። አንቺ በወጣሽበት ሰዓት ጀውዛ ገና ከአድማስ ብቅ እያለ ነበር። በአማካይ 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነበር እንበል። መፍለቂያው ዝቅ ሲል፣ ተወርዋሪ ሆኖ የሚታየን ከጠፈር የሚገባው ብናኝ ሰማዩን በሰያፍ ስለሚመታ በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። በዚህ ብቻ 150ው ወደ 50 ይወርዳል።

ቀጥሎ መብራቱ አለ። የከዋክብት ድምቀት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮከቡ ይደበዝዛል። ፍጹሙ ሰማይ እስከ 6.5 ያሳያል። መካከለኛ የከተማ ሰማይ 4.5 ቢያሳይሽ ጥሩ ነው። በጄሚኒድስ ጊዜ አንድ ማግኒቲዩድ ባጣሽ ቁጥር የምታይው ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ በ2.6 ይካፈላል። ሁለት ጊዜ ስናካፍለው 50ው ወደ 7 ይጠጋል። በረንዳ ነው የወጣሽው፤ ግማሹን ሰማይ ራሱ ሕንፃው ይዞታል። ስለዚህ በሰዓት 4 በይው፣ በሰዓት ተኩል 6። ከዚያ ላይ ዓይንሽ ጨለማውን ሳይለምድ ያለፈውን ግማሽ ሰዓት ቀንሺ። ከወንድምሽ ጋር ያወራሽበትን፣ እጅሽን እፍ እፍ ያልሽበትንም ጨምረሽ ቀንሺ። 3 ማየትሽ ምኑ ይገርማል? ልክ ነው።

ያቺ ረጅሟ ግን ቀልቤን ስባዋለች። መፍለቂያው ዝቅ ባለበት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብናኙ ወደ ከባቢ አየር የሚገባው ፊት ለፊት ሳይሆን ዳር ዳሩን እየታከከ ነው። ስለዚህ ቶሎ አይጠፋም፤ ከአድማሱ ተነስቶ ሰማዩን ግማሽ ሊያቋርጥ ይችላል። ብዙ አይገኝም። መፍለቂያው ከፍ ካለ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። በሌሊት ወጥተው ብዙ የቆጠሩ ሰዎች ያላዩትን አይተሻል። ለሳቁብሽ ሰዎች ይህንን ንገሪያቸው፤ የፈለጉትን ይበሉ።

የሚወረወረው ኮከብ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ ብዬ ልለፈው። አብዛኛው ከአሸዋ ፍሬ እስከ አተር የሚያህል ነገር ነው። ጄሚኒድስ በሴኮንድ 35 ኪሎ ሜትር ይዞ ይገባና ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይበራል፤ ብዙውን ጊዜ ሴኮንድ ሳይሞላው ያልቃል። ሌሎቹ ዝናቦች በአብዛኛው የጅራታም ኮከብ ትራፊ ናቸው። የጄሚኒድስ እናት ግን ፌቶን የምትባል ድንጋያማ አካል ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 ኢራስ በተባለችው የጠፈር ቴሌስኮፕ አማካይነት ተገኘች። በ1.4 ዓመት አንዴ ፀሐይን ትዞራለች፤ ስትቀርብም ከሜርኩሪ ይልቅ ፀሐይን ትጠጋለች። ጅራታም ኮከብ ሳትሆን ይህን ሁሉ ብናኝ እንዴት በተነችው የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ፍጥነቱ ነው። የኖቬምበሩ ሊዮኒድስ በሴኮንድ 71 ኪሎ ሜትር ስለሚበር «ያው!» ብለሽ ሳትጨርሺ የለም። ጄሚኒድስ ግማሹን ያህል ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። እኔ ብጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ከኦገስቱ ፐርሰይድስ ይልቅ ጄሚኒድስን ነው የምመርጠው። ብርዱ ባይኖር ኖሮ ማንም አይከራከረኝም ነበር።

በሚቀጥለው ታኅሣሥ እንዴት ታድርጊ? መጀመሪያ ቀኑን ሳይሆን ጨረቃን እዪ። ሙሉ ጨረቃ ከማንኛውም የመንገድ መብራት በላይ ሰማዩን ታጥበዋለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የጄሚኒድስ ጫፍ ሙሉ ልትሆን ከተቃረበች ጨረቃ ጋር ገጥሞ ብዙ ሰው ተበሳጭቷል። ጨረቃ አምሽታ የምትወጣ ከሆነ ከመውጣቷ በፊት፣ ቀድማ የምትጠልቅ ከሆነ ከጠለቀች በኋላ ውጪ። ዋናውን ሌሊት ደመና ይይዘዋል ከተባለ ከአንድ ቀን በፊት መውጣት ይሻላል። ጄሚኒድስ ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው፤ ከጫፉ በኋላ ግን ቶሎ ይወርዳል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ጀውዛ ከፍተኛ ቦታው ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው። እስከዚያ መቆየት ካልቻልሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለው ይበቃሻል። በጥቅሉ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰማይ ይበልጣል። ዝናብ ውስጥ የሚሄድ መኪና ላይ ጠብታው የሚበዛው የፊት መስታወቱ ላይ ነው አይደል? ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለነው ምድር ወደምትጓዝበት አቅጣጫ ዞረን ነው። ለዚህ ነው ምንም ዝናብ በሌለበት ተራ ሌሊት እንኳን ሊነጋ ሲል ብዙ የሚታየው።

ሦስተኛው ጨለማው ነው። «ጨለማ ቦታ ሂጂ» ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ሰው መኪናና ጊዜ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለሽበት ሰማይ ምን ያህል እንደሚያሳይ ለኪው። ፕሊያዲስ የሚባሉትን፣ ሰባቱ ከዋክብት የምንላቸውን ፈልጊ። በታኅሣሥ ምሽት ከፍ ብለው ይታያሉ፤ ትንሽ እፍኝ ከዋክብት አንድ ላይ ተሰብስበው ታገኚያቸዋለሽ። አንድ በአንድ ቁጠሪ። ጭጋግ መስሎ ከታየሽ ወይም 3 እና 4 ላይ ከቆምሽ ሰማይሽ ገና ነጭ ነው። 6 ከቆጠርሽ የተሻለ ነው፤ ተወርዋሪም በመጠኑ ታገኛለሽ። ከ6 ካለፍሽ ግን ከዚያ ቦታ ንቅንቅ አትበይ። ወንድምሽም ይቁጠር፤ የሁለታችሁ ቁጥር ከተለያየ አትጣሉ፣ ዓይን ከዓይን ይለያያል።

ከከተማ መውጣት ካልቻልሽም የምታደርጊው አለ። የሰማዩን ንጣት አንቺ አታጠፊውም። በቀጥታ ዓይንሽ ውስጥ የሚገባውን አምፖል ግን መጋረድ ትችያለሽ። ግድግዳ፣ ዛፍ፣ የቆመ መኪና፣ ምንም ይሁን፣ መብራቱን ከለል አድርጎልሽ ሰማዩን የማይሸፍን ቦታ ፈልጊ። ከበረንዳ ጣሪያ ይሻላል፤ ጣሪያው መከለያ ካለውና ባለቤቱ ከፈቀደ። የማታውቂው ሜዳ ላይ በሌሊት ከመሄድሽ በፊት ቦታውን በቀን እዪው፤ የት እንዳለሽም ለቤት ሰው ተናገሪ። መንገድ ዳር አትተኚ።

ዓይንሽን በተመለከተ፣ ጨለማውን በደንብ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ብሌኑ ወዲያው ይከፈታል። የዓይን ውስጠኛው ሕዋስ ግን ለደብዛዛ ብርሃን የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር የሚያዘጋጀው ቀስ ብሎ ነው። አንዴ የስልክ ስክሪን አየሽ ማለት ከዜሮ ልትጀምሪ ትንሽ ቀረሽ ማለት ነው። ወንድምሽ አንዱንም ያላየው ለዚህ ነው፤ ቀና ሲልም ዓይኑ ገና ጨለማ ላይ አልነበረም። የሱ ስክሪን ያንቺንም ዓይን ሳያበላሽብሽ አልቀረም። ስልክ ኪስ ይግባ። ባትሪ ማብራት ግድ ከሆነ መስታወቱ ላይ ቀይ ፌስታል ወይም ቀይ ላስቲክ ደራርበሽ እሰሪበት፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን ያን ያህል አይጎዳም።

አሁን ወደ ብርዱ። ደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ አንቺ በአንድ መስመር አለፍሽው እንጂ። ሰውን ከሰማይ ሥር የሚያባርረው የተወርዋሪ ማነስ አይደለም። ብርድ ነው። የበረደው ሰው ሰማዩን አያይም፤ ሰዓቱን ነው የሚያየው። አንቺም 3 ሰዓት ተኩል ላይ የገባሽው ዝናቡ አልቆ ሳይሆን እግርሽ ደንዝዞ ነው። ጥሩው ሰዓት ገና ሊጀምር ነበር።

ጥርት ያለ ሌሊት ከደመናማው ይበልጥ ይበርዳል። የምድር ሙቀት ወደ ላይ ሲያመልጥ የሚመልሰው ደመና የለም። አንቺ ደግሞ እንደሚራመድ ሰው ሙቀት አታመነጪም፤ ዝም ብለሽ ተጋድመሻል። ስለዚህ የአየር ትንበያው ከሚለው 10 ዲግሪ ቀንሺና ለዚያ ልበሺ። ሲወጡ ትንሽ የሚያልብ ከሆነ ልክ ነው ይላሉ አንዳንዶች። እኔ አልስማማም። ላብ ከደረቀ በኋላ ነው የሚያንዘፈዝፈው። መጀመሪያ የሚደረበውን ልብስ በእጅሽ ይዘሽ ውጪ፣ ቦታሽን ስትይዢ ደርቢ።

ብዙ ሰው ከላይ አምስት ልብስ ደርቦ ከታች ያለውን ይረሳል። መሬት ወይም ሲሚንቶ ላይ ከተኛሽ ሙቀትሽን የሚወስደው እሱ ነው። የተዘረጋ ካርቶን ሁለት ሦስት ድርብ፣ ከላዩ ስፖንጅ፣ ከላዩ ብርድ ልብስ አድርጊ። የሚዘረጋ ወንበር ካለሽ አንገትሽን ያሳርፍልሻል፤ ግን ጨርቁ ሥር አየር ስለሚያልፍ እሱም ላይ ብርድ ልብስ መነጠፍ አለበት። ቆሞ አንገትን ወደ ላይ ማንጋጠጥ የሚባለውን እርሺው፤ ግማሽ ሰዓት አያስኬድም።

እግር ሌላ ጣጣ ነው። ካልሲ ደርቤ እገላገላለሁ ትይ ይሆናል። ጫማሽ ሰፊ ከሆነ ደርቢ። ጠባብ ከሆነ ግን ሁለተኛው ካልሲ ደሙን ያስቆመውና አንዱ ብቻ ከነበረው የባሰ ይበርድሻል። ጥሩው ዘዴ ጫማውን አውልቆ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጎ፣ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ውስጥ እግርን መክተት ነው። ሙቅ ውኃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልተሽ፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በካልሲ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊ። ጓንት ከሆነ ጣት ለጣት ከሚለያየው ይልቅ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ይሞቃል። ጭንቅላትሽን በኮፍያ ሸፍኚ። መነጽር የምታደርጊ ከሆነ ሻርፑን ከአፍንጫሽ በታች አድርጊው፤ አለበለዚያ ትንፋሽሽ ወደ ላይ ወጥቶ መነጽሩን ጉም ያለብሰዋል፣ ያኔ አለቀልሽ። ትኩስ ነገር በፔርሙስ ያዢ። መጠጥ ያሞቃል የሚለውን ግን አትስሚ፤ ደሙን ወደ ቆዳ እየገፋ ሙቀትሽን ነው የሚያስወጣው። በየሰዓቱ ተነስተሽ አምስት ደቂቃ ተንቀሳቀሽ፤ መብራት ሳታበሪ።

ወዴት ነው የምታይው? ጀውዛ ላይ አፍጥጠሽ አትቆዪ። እሱ አጠገብ የሚታዩት አጫጭር ናቸው፤ ወደ አንቺ አቅጣጫ ስለሚመጡ መንገዳቸው አይረዝምም። ከመፍለቂያው ራቅ በይ፤ በአድማስና በአናት መካከል፣ በጣም የጨለመውን የሰማይ ክፍል ምረጪና ዓይንሽን ሳታጨነቁሪ ልቀቂው። እንቅስቃሴን ቶሎ የሚይዘው የዓይን ዳር ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኩል እየተከፋፈሉ አይመጡም። ሩብ ሰዓት ጭጭ ይልና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ይከታተላሉ። ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚገባው ሁሌም ጭጭ ባለው ሩብ ሰዓት ነው። ዘገምተኛ ነጥብ ሳያብለጨልጭ ደቂቃ ካለፈው ሳተላይት ነው። ብልጭ ድርግም የሚለው አውሮፕላን ነው።

ቴሌስኮፕ ለምን አልሽኝ? ቴሌስኮፕ የሚያሳየው ከሰማዩ ላይ አንድ ጥፍር የምታህል ቦታ ነው። ተወርዋሪው የት እንደሚወጣ አይታወቅም። ዓይንሽ ብቻውን ሰማዩን በሰፊው ይይዛል፤ ለዚህ ሥራ ከሱ የሚበልጥ መሣሪያ አይሸጥም። ገንዘብ ካለሽ ወፍራም ካልሲና ስፖንጅ ግዢ። ፎቶም ለመጀመሪያው ሌሊት አይሁንብሽ። በመቶ የሚቆጠሩ ጭረቶች የሚታዩባቸው ፎቶዎች የአንድ ሌሊት ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጡ ምስሎች ተደራርበው የተሠሩ ናቸው። የግድ ካልሽ ካሜራውን ወይም ስልኩን መቆሚያ ላይ አስረሽ፣ ሰፊውን ሌንስ ከፍተሽ፣ በ15 እና በ20 ሴኮንድ ራሱ እያከታተለ እንዲያነሳ ተዪውና አንቺ ሰማይሽን እዪ። ብርድ ባትሪን ይበላል፤ ትርፉን ባትሪ ደረትሽ ኪስ ውስጥ አሙቂው።

ደብተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጥሩው ጥያቄሽ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ኖቬምበር 13 ሊነጋጋ ሲል በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ ለመቁጠር የሚያስቸግር ተወርዋሪ ዘነበ። ዴኒሰን ኦልምስቴድ የሚባል የዬል ኮሌጅ መምህር ወዲያው በጋዜጣ ላይ ሰው ያየውን እንዲጽፍለት ጠየቀ። ጥሪው ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ተዛመተ። ከብዙ ቦታ የመጣውን አሰባስቦ ሲያመሳክር ሁሉም የፈለቁት አሰድ በሚባለው ህብረ ኮከብ ውስጥ ካለ አንድ ቦታ መስሎ አገኘው። ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ያ ቦታ ከከዋክብቱ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የአየር ጠባይ ሳይሆን ከውጭ የሚመጣ መሆኑ ታወቀ። የሜትዮር ሳይንስ የቆመው እንደ አንቺ ያለ ተራ ሰው በጻፈው ላይ ነው።

ዛሬም ዓለም አቀፍ የሜትዮር ድርጅት የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመ ነው፣ ከማንም አማተር ቆጠራ ይቀበላል። በዚህ ዘመን ካሜራ በዝቷል። ቢሆንም ከድሮው መዝገብ ጋር በቀጥታ ማወዳደር የሚቻለው በዓይን የተቆጠረው ነው።

እውነቱን ልንገርሽና ያለፈውን 3 አትላኪ። ግማሽ ሰማይ ተሸፍኖ፣ ሰማዩ ምን ያህል እንደሚያሳይ ሳይለካ የተቆጠረ ለስሌት አይሆንም። የሚቀጥለውን ግን እንዲህ ያዢው። የጀመርሽበትንና ያቆምሽበትን ሰዓት ጻፊ። ለመሟሟቅ የተነሳሽበትን ደቂቃም ጻፊና ከጠቅላላው ቀንሺ። ደመና ከነበረ የሰማዩን ስንት እጅ እንደያዘ ጻፊ። የምታይው ደብዛዛ ኮከብ የቱ እንደሆነ መዝግቢ፤ ድርጅቱ ለዚህ የሚሆኑ የሰማይ ክፍሎችን ለይቶ አዘጋጅቷል፣ በውስጣቸው ያሉትን ከዋክብት መቁጠር ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ተወርዋሪ ባየሽ ቁጥር ሁለት ነገር ለዪ፦ የዝናቡ ነው ወይስ ባዳ? ድምቀቱስ ከየትኛው ኮከብ ጋር ይወዳደራል? የዝናቡ መሆኑን ለማወቅ የሄደበትን መስመር በሐሳብሽ ወደ ኋላ ሳቢው። ካስተር አጠገብ ከደረሰ ጄሚኒድ ነው። ሌላ ቦታ ከወሰደሽ ባዳ ነው፤ እሱም ይጻፋል። ለመጻፍ አትጎንበሺ፤ ስልክሽን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገሽ ስክሪኑን ወደ ታች ገልብጪና ተናገሪ፦ «ጄሚኒድ፣ እንደ ካስተር»፣ «ባዳ፣ ደብዛዛ»። ምንም ያላየሽበትን ሩብ ሰዓት እንዳትሰርዢው። ዜሮም ቆጠራ ነው።

ወንድምሽን ደግሞ ዝም ብለሽ አትጎትቺው፤ ሥራ ስጪው። ካንቺ በተቃራኒ አቅጣጫ ይተኛና የራሱን ይቁጠር። ቆጠራችሁን አትደምሩ፤ መዝገብ የሚሞላው በሰው በሰው ነው። እሱ ያየውን አንቺ ሳታይ «እኔም አየሁት» አይባልም። ይህ ደንብ ለታናናሾች እንዴት እንደሚጥም አትጠይቂኝ። አንድ ሰዓት ያለ ስልክ የሚቆየው ማሸነፍ ስለሚፈልግ ነው።

የጃንዋሪው ቀረን። ኳድራንቲድስ ይባላል፤ ጃንዋሪ 3 እና 4፣ ማለትም ታኅሣሥ 25 እና 26 አካባቢ ነው። ስሙ ድሮ በሰማይ ካርታ ላይ ከነበረ፣ ዛሬ ከተሰረዘ ህብረ ኮከብ የመጣ ነው። ጫፉ ላይ ከጄሚኒድስ ብዙም አያንስም፤ በፍጹሙ ሰማይ ከ100 በላይ ይባልለታል። ይህን ቁጥር አሁን እንዴት እንደምታነቢው ታውቂያለሽ። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ጄሚኒድስ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቅሻል፤ ይህኛው ጥሩ የሚሆነው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። መፍለቂያው በሰሜኑ ሰማይ ላይ ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ከፍ የሚለው፤ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ሰው ዝቅ ብሎ ስለሚያገኘው ያነሰ ያያል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ የሄደማ ጭራሽ ይተወው።

ስለዚህ ከርሞን አትጠብቂ፤ ግን ዝም ብለሽም አትውጪ። የዚያን ዓመት ጫፍ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ፈልጊና ወዳለሽበት ሰዓት ቀይሪው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ውስጥ ከወደቀ፣ ጨረቃም ከሌለች፣ ማንቂያሽን ሙይና ካርቶንሽን ይዘሽ ውጪ። ጫፉ ቀን ላይ ከዋለብሽ ተኚ።